«ስልኬን ክፈቱልኝ» ስንል የትኛውን ቁልፍ ነው?



በማታው የጎልማሶች ክፍል የምናስተምረው እንግሊዝኛና ሒሳብ ነው። ይሁን እንጂ ትምህርቱ አልቆ ወንበር ስንሰበስብ የሚቀርብልን ጥያቄ ከሁለቱም አይደለም። አንዱ ከኪሱ፣ ሌላዋ ከነጠላዋ ጫፍ ስልክ ፈትታ ታወጣና «መምህር፣ ይኼን ማስከፈት ይቻላል?» ትለናለች። እኛም ለረጅም ጊዜ ስንሰጥ የኖርነው መልስ «ገበያ ውስጥ ላሉት ልጆች አሳዩአቸው» የሚል ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደንም ይኸው መልሳችን ያስከተለው ጉዳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ካኩማ በእኛ ብሎክ የምትኖር የሦስት ልጆች እናት አለች። በሠፈራ ፕሮግራም አሜሪካ የገባው ወንድሟ አዲስ አንድሮይድ ስልክ ገዝቶ፣ የጉግል አካውንትም ከፍቶበት በሰው እጅ ላከላት። የኬንያ ሲም ስታስገባበት ግን ስልኩ አልቀበልም አለ። ለጊዜው ሲሙን በአሮጌው ስልኳ እየተጠቀመች፣ አዲሱን በዋይፋይ ብቻ ትሠራበት ጀመር። ፎቶግራፎቿን፣ የልጆቿን የልደት ወረቀት ሥዕል፣ ደሴ የነበሩት እናቷ ከማረፋቸው በፊት በድምፅ የላኩላትን መልእክት ሁሉ ወደዚያው አዛወረች። አሮጌውን ስልክም አጽድታ ለታላቁ ልጇ ሰጠችው። እኛን ስትጠይቀን ያን የተለመደውን መልስ ሰጠናት። የጥገናው ልጅ «ሩት አድርጌ እከፍተዋለሁ» ብሎ ገንዘቡን ተቀበለ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ሲመለስ ውስጡ ባዶ ነበር። ሲነሳ የወንድሟን የጉግል የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ወንድምየው ደግሞ ረስቶታል። ሲሙንም እንደ በፊቱ አልቀበልም ይላል። «መምህር፣ ስልኩ ተከፈተ አሉኝ፤ እኔን ግን አያውቀኝም» አለችን።

የጥገናውን ልጅ አነጋግረነዋል። ሌባ አይደለም፤ የሠራውንም ሳይደብቅ ነገረን። ሩት ማድረጉ እምቢ ሲለው በስልኩ ላይ አዲስ ሶፍትዌር ጫነበት፤ በገበያው ቋንቋ «ፍላሽ አደረገው»። ጥፋቱ ሌላ በር ተቆልፎ ሳለ ሌላ በር መስበሩ ነው። «ማስከፈት» የምንለው ቃል አንድ ይሁን እንጂ በስልክ ላይ ያሉት መቆለፊያዎች አንድ አይደሉም፤ የአንዱ ቁልፍም ሌላውን አይከፍትም።

የኔትወርክ መቆለፊያ

በዚህች እናት ስልክ ላይ የነበረው ይኸኛው ነው። የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ስልክ በዱቤ ወይም በቅናሽ ሲሸጡ፣ ደንበኛው ሂሳቡን ከፍሎ እስኪጨርስ የእነሱን ሲም ብቻ እንዲቀበል አድርገው ይቆልፉታል። መቆለፊያው ያለው ከኔትወርክ ጋር በሚነጋገረው የስልኩ ክፍልና በኩባንያው መዝገብ ላይ እንጂ እኛ ከፍተን በምናየው በአንድሮይድ ውስጥ አይደለም። ስለሆነም ስልኩን ሩት ማድረግ ወይም ፍላሽ ማድረግ ሲሙን አያስቀብለውም።

ይህን መቆለፊያ የሚፈታው የቆለፈው ኩባንያ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሕግ ደንበኞች ስልካቸውን ለሌላ ኔትወርክ የማስከፈት መብታቸውን መልሶላቸዋል፤ ታላላቆቹ ኩባንያዎችም ከ2015 ጀምሮ ዕዳው ያለቀለትን ስልክ ደንበኛው ሲጠይቅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለመክፈት ተስማምተዋል። በካናዳ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2017 (በእነሱ አቆጣጠር) ወዲህ ኩባንያዎች አዲስ ስልክ ቆልፈው እንዳይሸጡ ታዘዋል። እንግሊዝም ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ይህንኑ ከልክላለች። ከካናዳ የተላከ አዲስ ስልክ ሲም አልቀበል ካለ እንግዲህ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሲሙን በሌላ ስልክ መሞከር ይገባል።

ቁም ነገሩ ይህ ሥራ የሚሠራው እዚያው፣ ስልኩ ከመላኩ በፊት መሆኑ ነው። የኩባንያው ደንበኛ የላከው ዘመድ እንጂ እዚህ ያለነው አይደለንም። አንዳንዶቹ ስልኮች የሚከፈቱት በኮድ ነው፤ ኮዱን በስሕተት ማስገባት የሚፈቀደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ በግምት መሞከር አይገባም። ሌላም ነገር አለ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ስልኮች ቢከፈቱም እንኳ እዚህ ኢንተርኔቱ የሚሠራበትን ሞገድ አይዙም፤ ድምፅ ይሠራል፣ ኢንተርኔቱ ግን ያነክሳል። ዘመድ ከመግዛቱ በፊት የስልኩን ሞዴል ልኮልን እዚህ ለሚያውቅ ሰው ብናሳይ ይህ ሁሉ ድካም ባልመጣ ነበር።

የጉግልና የዱቤ መቆለፊያ

እነዚህን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 5.1 ጀምሮ፣ አንድ ስልክ በጥገና ሁኔታ ከተጸዳ በኋላ ቀድሞ የነበረበትን የጉግል አካውንት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ይህ የተደረገው ስልክ የሚሰርቁ ሰዎች አጽድተው እንዳይሸጡት ነው። ችግሩ ስልኩ በስጦታ ሲመጣ ስጦታውንም እንደ ሌብነት መቁጠሩ ነው፤ መሣሪያው ወንድምንና ሌባን አይለይም። ስለዚህ የሚልክ ሰው ከመላኩ በፊት ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አካውንቱን ራሱ ማውጣት አለበት።

የዱቤ መቆለፊያውን በኬንያ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሳፋሪኮም ከጉግል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 «ሊፓ ምዶጎ ምዶጎ» የተባለውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተከፈለ ስልክ የሚገዛበትን ዘዴ ከጀመረ ወዲህ ይህ ዓይነት ሽያጭ ተስፋፍቷል። ክፍያው ሲቋረጥ ስልኩ ይቆለፋል፤ ሲከፈል ይከፈታል። ዕዳው ያላለቀ ስልክ በርካሽ ተገዝቶ «እናስከፍተዋለን» ማለት የሌላ ሰውን ዕዳ መግዛት ነው።

ሩት ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወጣቶቹ በብዛት የሚጠይቁንም ይህንን ነው።

አንድሮይድ የቆመው ሊኑክስ በተባለ መሠረት ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ አፕ በተከለለ የራሱ ክፍል ውስጥ ይኖራል። የፎቶ አፑ የባንኩን፣ ጨዋታው የዋትስአፑን ክፍል ከፍቶ ማየት አይችልም። የሁሉንም ክፍል ቁልፍ የያዘ አንድ ተጠቃሚ ብቻ አለ፤ ስሙ «ሩት» ይባላል፣ ቁጥሩም 0 ነው። የስልኩ ባለቤት ይህን ተጠቃሚ ሆኖ እንዲገባ አልተፈቀደለትም። ቤቱን የተከራየ ሰው የራሱን ክፍል ቁልፍ ይዞ የግቢው ቁልፍ በአከራዩ እጅ እንደሚቀር ማለት ነው፤ ልዩነቱ ስልኩን የገዛነው መሆናችን ነው። ሩት ማድረግ ማለት ያን የግቢ ቁልፍ መውሰድ ነው።

ከሩት በፊት ደግሞ ቡትሎደር የሚባል ዘበኛ አለ። ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም ነው። የሚያስነሳው ሶፍትዌር አምራቹ የፈረመበት መሆኑን ይመረምራል፤ የተለወጠ ነገር ካገኘ አያስነሳም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ቡትሎደሩን ይከፍታሉ፣ ቀጥለው ሩት ያደርጋሉ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ፣ ጂ1 የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ለገበያ እንደ ቀረበ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሩት የተደረገው በጣም በሚያስቅ ስሕተት ነበር። በስልኩ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ነገር ሁሉ በስውር ለሩት እንደ ትእዛዝ ይደርስ ነበር። ሰውየው ለወዳጁ መልእክት ሲጽፍ «ሪቡት» የሚለውን ቃል ከጻፈ ስልኩ እዚያው ጠፍቶ ይነሳል! ጉግል ወዲያው አረመው።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ሩትን የፈለግንበት ጊዜ ነበር፤ ምክንያታችንም የሚያኮራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድሮይድ የግዕዝ ፊደል አልነበረውም። ከአገር ቤት በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ሲመጣ የሚታየው የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ነበር። ብዙዎቻችን አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፍን ያለቅነው በዚያ ጊዜ ነው። የፊደሉ ፋይል የሚቀመጠው በተቆለፈው የሲስተም ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ሥራውን የሚያውቁ ልጆች ስልኩን ሩት እያደረጉ የግዕዙን ፊደል ራሳቸው ያስገቡ ነበር። በኋላ ፊደሉ ከስልኩ ጋር አብሮ መምጣት ጀመረ፤ ዛሬ የጉግል የጽሕፈት ሰሌዳ ራሱ አማርኛ አለው። ለዚህ ሲባል ሩት የሚደረግ ስልክ ዛሬ የለም። ይህን የምናነሳው አሁንም «ለአማርኛ ሩት ያስፈልጋል» የሚሉ ስላሉ ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

አሠራሩ ከስልክ ስልክ ቢለያይም አካሄዱ ይኸው ነው። በሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ገብቶ የግንባታ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ መንካት የገንቢዎችን ማውጫ ያወጣል። በዚያ ውስጥ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚል አለ። ይህ ምርጫ ደብዝዞ የማይነካ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ በአሜሪካ ኩባንያዎች በተቆለፉ ብዙ ስልኮች ላይ የምናገኘው ይህንኑ ነው። ምርጫው የሚሠራ ከሆነ ስልኩ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ፋስትቡት በተባለው ፕሮግራም የመክፈቻው ትእዛዝ ይላካል። ስልኩም «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቅና በድምፅ ቁልፉ ሲረጋገጥለት ይከፈታል።

በዚያው ቅጽበት በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ይህ ብልሽት አይደለም፤ ታስቦ የተደረገ ነው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ስልካችንን ያገኘ ሰው ሁሉ ዘበኛውን አስወግዶ ፎቶአችንንና ደብዳቤአችንን ባነበበ ነበር። ስለዚህ ስልኩ «ባለቤቱ ይሁን ሌባ አላውቅም፤ ቤቱን ባዶ አድርጌ ነው የማስረክበው» ይላል። መልሶ መቆለፍም እንደዚሁ ያጠፋል። ከጠፋ በኋላ ፋይሎቹ የተመሰጠሩበት ቁልፍ አብሮ ስለሚጠፋ «እመልሰዋለሁ» የሚል ጠጋኝ ቢኖር ገንዘብ ሊበላ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከዚያ ቀጥሎ የስልኩን የማስነሻ ፋይል ማጂስክ በሚባለው መሣሪያ አስተካክሎ መልሶ መጫን ነው። ማጂስክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በነጻ የሚሠራጭ ነው። ፋይሉ በስልኩ ላይ ካለው ሶፍትዌር ጋር በቁጥር በትክክል አንድ መሆን አለበት። የተሳሳተ ፋይል ከተጫነ፣ ወይም በመካከሉ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ከቆመ፣ ስልኩ ላይነሳ ይችላል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ስልክ «ጡብ ሆነ» ይሉታል። አንዳንዱ ጡብ ይድናል፣ አንዳንዱ አይድንም።

የሚገኘውና የሚታጣው

ሩት የተደረገ ስልክ አብረውት የመጡትን የማይፈለጉ አፖች ከሥራቸው ነቅሎ ይጥላል። አምራቹ የተወውን አሮጌ ስልክም፣ ቡትሎደሩ የሚከፈት ከሆነ፣ ላይኔጅኦኤስን በመሰለ ነጻ ሲስተም ዕድሜውን ማራዘም ይቻላል። ከተማሪዎቻችን አንዱ መስታወቱ በተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ላይ ይህንን ሠርቶ አሳይቶናል። ሦስት ጊዜ ጡብ አድርጎ ሦስት ጊዜ አስነስቶታል። ከመጽሐፍ የማናስተምረውን ብዙ ነገር እንደ ተማረበት አንጠራጠርም። ስልኩ ግን የተጣለ ነበር፤ በውስጡም የማንም ድምፅ አልነበረበትም።

በኪሳችን ይዘነው ለምንኖረው ስልክ ግን የምናጣው ይበልጣል። የባንክና የክፍያ አፖች ስልኩ ያልተነካካ መሆኑን በጉግል በኩል ስለሚመረምሩ ብዙዎቹ ሩት በተደረገ ስልክ ላይ አይሠሩም። በሲም ካርዱ ማውጫ የምንጠቀመው ኤምፔሳ ከአንድሮይድ ጋር ስላልተያያዘ ይሠራል፤ አፑ ግን ሊከለክል ይችላል። ኖክስ የተባለው ጥበቃ ባላቸው የሳምሰንግ ስልኮች ውስጥ ደግሞ ያልተፈረመ ሶፍትዌር ሲጫን አንድ ጊዜ የሚቃጠልና የማይመለስ የኤሌክትሮኒክስ ፊውዝ አለ። የቀድሞው ሶፍትዌር ቢመለስ እንኳ ፊውዙ እንደ ተቃጠለ ይቀራል፤ ዋስትናውም አብሮ ይሄዳል። በየጊዜው የሚመጣው የደኅንነት ማሻሻያም ሩት በተደረገ ስልክ ላይ በተለመደው መንገድ አይጫንም።

ከሁሉም የሚከፋው የግቢው ቁልፍ በማን እጅ እንደ ቀረ አለማወቅ ነው። ሩት ሲፈቀድለት አንድ አፕ የሌሎቹን ክፍል ሁሉ ማየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕስትሪም የተባለ የደኅንነት ኩባንያ በኢትዮጵያ፣ በግብፅ፣ በጋና፣ በካሜሩንና በደቡብ አፍሪካ በተሸጡ ርካሽ ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች ከካርቶኑ ሲወጡ ጀምሮ ተጭነው እንዳገኘ ገልጾ ነበር። ባለቤቱ ሳያውቅ ለአገልግሎት እያስመዘገቡት የአየር ሰዓቱን ይበሉበት ነበር። በሲስተሙ ሥር የተቀበሩ ስለሆኑም ስልኩ ቢጸዳ ተመልሰው ይመጣሉ። ያ የሆነው ባለቤቱ በሩን ሳይከፍት ነው። እኛ ደግሞ በሩን ከፍተን፣ ከየት እንደ መጣ በማናውቀው ፋይል ስልካችንን አስሞልተን፣ የመዝገብ ቁጥራችንንና የቤተሰባችንን አድራሻ እናስቀምጥበታለን። የስደተኛ ስልክ የስልክ ብቻ አለመሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ስልክ ሞላብኝ ወይም ቀሰስ አለብኝ ለሚል ሰው ሩት ሳይደረግ የሚሠራ ነገር አለ። አብረው የመጡትን አብዛኛዎቹን አፖች በሴቲንግ ውስጥ «ዲስኤብል» ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ አይነሱም፣ ዳታም አይበሉም። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ኤዲቢ በተባለው መሣሪያ ቡትሎደሩን ሳይነካ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ግትር የሆኑትን ጭምር ከእይታ ያወጣቸዋል።

ስልካችሁን ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶውንና የዋትስአፑን ቅጂ ወደ ሜሞሪ ካርድ ወይም ወደ ሌላ ስልክ አውጡ፤ የጉግል አካውንቱንና የይለፍ ቃሉን በደብተር ጻፉ። *#06# ስትደውሉ የሚወጣውን አይኤምኢአይ የተባለውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥርም መዝግቡ፤ የኔትወርክ መቆለፊያ ለማስከፈት ኩባንያው የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ለጠጋኙም «ክፈትልኝ» አትበሉት። «ሲም አይቀበልም» ወይም «የጉግል ቃል ይጠይቃል» ብላችሁ የምታዩትን ንገሩት፤ «የሚጠፋ ነገር አለ ወይ?» ብላችሁም ጠይቁት። በእርግጠኝነት ካልመለሰላችሁ ስልኩን ይዛችሁ ተመለሱ።

የዚያች እናት ነገር እንዲህ ሆኗል። ወንድሟ የስልኩን አይኤምኢአይ ይዞ ኩባንያውን ጠየቀ፤ ዕዳውን ጨርሶ ስለነበር ሲሙ ያለ ክፍያ ተከፈተ። የጉግሉንም የይለፍ ቃል በራሱ ስልክ ቁጥር አስለውጦ ላከላት። የልጆቿ የልደት ወረቀት ሥዕል ቀደም ሲል የላከችለት ስለነበር ከእሱ ዘንድ ተገኘ። የእናቷ ድምፅ ግን ከማንም ዘንድ አልተገኘም።

ሐሙስ ማታ ከትምህርት በኋላ በክፍላችን እንቆያለን። ስልኩ ላይ ያለው መቆለፊያ የትኛው እንደሆነ አይተን እንናገራለን፤ ራሳችን አንከፍትም። ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው የሶላር መብራት ለስልክ አይበቃም።